«ሳምንት» ሰባት ቀን ሆኖ ስሙን ከስምንት ለምን ወሰደ?

ለመሆኑ «ሳምንት» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንጠራዋለን? የሳምንቱ መጨረሻ፣ የሳምንቱ ስብሰባ፣ ሳምንታዊ ጋዜጣ እያልን የምንገለገልበት ይህ ቃል ሰባት ቀን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ቃሉን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን በውስጡ ያለው ቁጥር ሰባት ሳይሆን ስምንት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከግዕዝ ነው። በግዕዝ ስምንት «ሰማንቱ»፣ ስምንተኛ ደግሞ «ሳምን» ይባላል። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ እያለ ያደገ ስለሆነ አካሄዱ አይጠፋውም። ፊደላችን ስምንተኛ ቤት ቢኖረው ኖሮ ስሙ «ሳምን» በሆነ ነበር። በዚህ ላይ የአንስታይ ጾታ ምልክት የሆነችው «ት» ስትጨመር «ሳምንት» ይሆናል፤ «ስምንተኛይቱ» እንደ ማለት ነው። ለቅሶ ቤት የምንሰማው «ሣልስት» የተበጀውም በዚሁ መንገድ ነው። በትግርኛም ሳምንት «ሰሙን» ሲሆን፣ ይህ ቃል በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ «ሰሙነ ሕማማት» በሚለው ስም ይታወቃል። እርሱም ከዚያው ከስምንት የወጣ ነው።

የሚገርመው ጎረቤቶቻችንና ዘመዶቻችን በዚህ አለመስማማታቸው ነው። ዓረቡ «ኡስቡዕ»፣ ዕብራዊው «ሻቩዓ» ይላል፤ ሁለቱም ከሰባት የወጡ ናቸው። በኦሮምኛ ሰባት «ቶርባ»፣ ሳምንት ደግሞ «ቶርባን» ነው። ግዕዝም ቢሆን ከሰባት የተገኘ «ሱባዔ» የሚል ቃል አለው። በትንቢተ ዳንኤል «ሰባ ሱባዔ» ሲባል እያንዳንዱ ሱባዔ ሰባት ዓመት ተደርጎ ይተረጎማል። ይሁንና «ሱባዔ» ውሎ አድሮ ለጸሎት መለየትን የሚገልጽ የሃይማኖት ቃል ሆኖ ሲቀር፣ የገበያውንና የቢሮውን ሥራ «ሳምንት» ወሰደው።

ታዲያ ስምንተኛዋ ቀን ከየት መጣች? መልሱ ያለው በአቆጣጠሩ ላይ ነው። የጥንቱ ሰው ከአንድ ቀን ተነስቶ ሲቆጥር መነሻውን ቀን ራሱን «አንድ» ብሎ ይጀምራል። እሑድ ስሙ ራሱ «አንደኛ» ማለት ነው፤ ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ አምስት፣ ዓርብ ስድስት፣ ቅዳሜ ሰባት እያልን ስንደርስ ተከታዩ እሑድ ስምንተኛ ይሆናል። ዙሩ የሚገጥመው በስምንተኛው ቀን ነውና ስሙም ከዚያ ወጣ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የዮሐንስ ወንጌል ነው። በምዕራፍ 20 ላይ ቶማስ ያመነው «ከስምንት ቀን በኋላ» እንደሆነ ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያን ይህንን የምታስበው በዳግማይ ትንሣኤ፣ ማለትም ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው። በዛሬው የሒሳብ ልማዳችን ከእሑድ እስከ እሑድ ሰባት ቀን ነው። የወንጌሉ ጸሐፊ ግን አልተሳሳተም፤ የቆጠረው መነሻውን ጨምሮ ነው። ሮማውያንም በየስምንት ቀኑ የሚውለውን ገበያቸውን ከዘጠኝ በወጣ ስም «ኑንዲናይ» ይሉት ነበር። ፈረንሳዮች ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ አንድን ሳምንት «ስምንት ቀን»፣ ሁለት ሳምንትን «አሥራ አምስት ቀን» ይላሉ።

እኛስ ብንሆን? ሰኞ ዕለት «የዛሬ ስምንት እንገናኝ» የተባባሉ ሰዎች የሚገናኙት ማክሰኞ ሳይሆን ሰኞ ነው። «የዛሬ አሥራ አምስት» ሲባልም ሁለት ሳምንት ማለት እንጂ አሥራ አምስት ሌሊት ማደር አይደለም። (በዚሁ ስሌት ሦስት ሳምንት «የዛሬ ሃያ ሁለት» መባል ነበረበት፤ እንዲህ የሚል ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።)

ችግሩ የሚመጣው የንግግሩ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቀን የተወሰነ ጊዜ ሲቆጠር ውሉ የተደረገበት ቀን እንደማይታሰብ ይደነግጋል። ስለዚህ ሰኞ በተፈረመ ውል ላይ «በስምንት ቀን» የሚከፈል ዕዳ የመጨረሻ ቀኑ ማክሰኞ ይሆናል፤ በአፍ «የዛሬ ስምንት» ቢባል ግን ሰኞ ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ቅጣት ወይም ወለድ ለተጻፈበት ሰው ግን ትንሽ አይደለም። የስዊዘርላንድ የግዴታዎች ሕግ ይህንኑ ውዥንብር ለመዝጋት ሲል ስምንት ወይም አሥራ አምስት ቀን ማለት ሙሉ ስምንት ወይም ሙሉ አሥራ አምስት ቀን እንጂ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት እንዳልሆነ በግልጽ አስፍሯል።

ውል ወይም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚያዘጋጅ ሰው ከ«ስምንት ቀን» ይልቅ የዕለቱን ስም ከነወሩና ከነቀኑ ቢጽፍ፣ ሁለቱ አቆጣጠሮች የሚጋጩበት ቦታ አይኖርም።