ታሪክ ወደ ተወለደበት ቀዬ ይመለስ

«የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገራችን ሰው። በታሪክ ትምህርታችን ላይ ግን ይህ ብሂል ሲሠራ እምብዛም አይታይም። የገጠሩ ተማሪ የፈረንሳይ አብዮት የፈነዳበትን ዓመት በቃሉ ይወጣዋል፤ ከብት የሚያግድበት ጋራ ስሙን ከየት እንዳገኘ ግን የሚነግረው መጽሐፍ የለውም።

ለምሳሌ ያህል ጋፋትን እንውሰድ። ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኘው ይህች ሥፍራ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያሠሩባት ናት። ሴባስቶፖል የተባለው ግዙፍ መድፍ እዚያ ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን እዚያው ራሳቸውን ሠዉ። ይህን ሁላችንም ተምረነዋል። መንገዱን የጠረገው፣ ገመዱን የሳበው፣ ለሠራዊቱ ቀለብ ጎተራው የተራገፈበት ማን እንደነበረ ግን አልተማርንም። በነዚያ የመጨረሻ ዓመታት በጌምድር ክፉኛ ተዘርፏል፤ ጎንደርም በ1859 ዓ.ም. ተቃጥላለች። እንግዲህ በክፍል ውስጥ በጀግንነቱ የሚወሳ ንጉሥ በአንዳንድ ጎጆ በሌላ መልኩ ቢታወስ ምን ይደንቃል? ሁለቱን አብሮ ማስተማር አገር ያፈርሳል የሚለው ሥጋት ለኔ አይገባኝም። ይልቅስ ልጁ ከአያቱ የሰማውን በመጽሐፉ ውስጥ ሲያጣው፣ ወይ አያቱን ወይ መጽሐፉን ውሸታም ማድረጉ አይቀርም።

የሚያስቆጨው ደግሞ ጥናቱ ጨርሶ አለመኖሩ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው በየአውራጃው እየዞሩ ከሽማግሌዎች ቃል ሲሰበስቡ ኖረዋል። ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ አዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቃሉን የሰጠው ገበሬ የራሱን ታሪክ ተመልሶ አያየውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ፊደል አስቆጥሯል። ፊደል የቆጠረው ሰው ታዲያ ስለ ቀዬው የሚያነበው ምን ነበረው?

እኔ የምለው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የነዚያ ጽሑፎች ፍሬ ነገር በየአካባቢው ቋንቋ ተመልሶ ቅጂው ለወረዳው ትምህርት ቤት ይላክ። ተማሪውም ደብተሩን ይዞ ወደ ሽማግሌው ይሂድ፤ የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜና ዕለቱን ይመዝግብ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ቢለያዩ የሁለቱንም ይጻፍ፤ ዳኝነቱ ቆይቶ ይደርሳል። መድፉስ ዛሬም መቅደላ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል፤ የሽማግሌ ቃል ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።