በረኪናና የጥርስ ሥር፦ የአንድ ፈሳሽ ታሪክ
(የሕዝብ ትምህርታዊ ገለጻ ጽሑፍ)



በአሶሳ ሱቆች ለልብስ ማንጫ የሚሸጠው በረኪና ስሙን ከጣሊያንኛ የወረሰ ነው። በውስጡ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ግን ጥርስን ከመነቀል የሚያድን መድኃኒትም ነው። የዛሬው ርእሳችን ይህ ፈሳሽ ወደ ጥርስ ሥር የገባበት ታሪክ ነው።

ኤድዋርድ ሜናርድ እ.ኤ.አ. በ1838 ከሰዓት ሞላ ቀጭን የሥር መጥረጊያ ሠራ። ሆኖም ዋልተር ሄስ በ1925 በእንግሊዝኛ በታተመው ሥራው እንዳሳየው፣ የሥሩ ውስጥ ቅርንጫፍ የበዛበት ነው፤ ብረት ሁሉን አይደርስም። በ1910 ሐኪሙ ዊልያም ሃንተር በሞንትሪያል ባሰማው ንግግር በጥርስ ሥራ ሥር የተደበቀን ብክለት ለሌሎች ሕመሞች ምክንያት አደረገ። ከዚያ በኋላ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ እጅግ ብዙ ጥርሶች ተነቀሉ።

መልሱ ከጦር ሜዳ መጣ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ሄንሪ ዳኪን 0.5 በመቶ ሃይፖክሎራይት ለቁስል ማጠቢያ አዘጋጀ። በ1936 ዎከር በጥርስ ሥር እንዲሠራበት ሐሳብ አቀረበ፤ ፈሳሹ ጀርም ይገድላል፣ የሞተ ሥጋም ያሟሟልና። በ1957 ኒጎርድ ኦስትቢ ያስተዋወቀው ኢዲቲኤ ደግሞ ሃይፖክሎራይት የማይነካውን የማዕድን ዝቃጭ ያነሣል። በ1965 ካከሃሺና ባልደረቦቹ ጀርም በሌለባቸው አይጦች የተጋለጠ የጥርስ ነርቭ እንደሚያገግም፣ ጀርም ባለባቸው ግን እንደሚሞት አረጋገጡ። ጠላቱ ታወቀ።

በ2001 የታተመ የምስል ጥናት ዘመናዊዎቹ የኒኬል ቲታኒየም መሣሪያዎች እንኳ ከሥሩ ግድግዳ 35 በመቶና ከዚያ በላይ ሳይነኩ እንደሚቀሩ አሳየ። እንግዲህ መሣሪያው መንገድ ይከፍታል፤ የሚያጸዳው ፈሳሹ ነው።

ይህ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምን ይነግራል? አሶሳ ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ያን ያህል መንገድ ለሚያስብ ታካሚ መነቀል ቀላሉ ምርጫ ሆኖ ቢታየው አያስደንቅም። ዋናው መድኃኒት ግን ርካሽ ነው፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው። ሃይፖክሎራይት በሙቀትና በብርሃን ኃይሉን ያጣል፤ በቆላ አገር ጠርሙሱ ከፀሐይ ተጠብቆ፣ በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥና ሳይቆይ መተካት አለበት። ጥርሱ በላስቲክ ሽፋን ይለይ፤ ፈሳሹ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ሥጋን እንዳያቃጥል መርፌው ሳይጣበቅ በዝግታ ይግፋ። የሱቁ በረኪና ግን መጠኑ ለሕክምና የተረጋገጠ ስላልሆነ ማንም ወደ አፉ አያስገባው።

ተማሪዎቻችን ከዚህ ታሪክ የሚወርሱት ይህን ነው፦ ውድ ሞተር እስኪመጣ ጥርስ አይጠብቅም፤ በሚገባ የታጠበ ሥር ግን ዛሬም ይድናል።