ሮዋን አትኪንሰን
ሮዋን አትኪንሰን (እ.ኤ.አ. 1955 ተወለደ) በሚስተር ቢን ገጸ ባሕርይ በዓለም ዙሪያ የታወቀ እንግሊዛዊ ኮሜዲያን፣ ተዋናይና ጸሐፊ ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በኮንሴት ከተማ ተወልዶ በኒውካስልና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሯል፤ የድርሰት አጋሩን ሪቻርድ ከርቲስን ያገኘው በኦክስፎርድ ነው። በቢቢሲ የቴሌቪዥን ተከታታይ ኮሜዲ «ብላክአደር» (1983–1989) ስሙ ገነነ። በ1990 በአይቲቪ የጀመረው «ሚስተር ቢን» ከንግግር ይልቅ በፊትና በሰውነት እንቅስቃሴ ላይ የቆመ በመሆኑ ያለ ትርጉም ከአገር አገር ተሻገረ። ቡናማ ኮት፣ ቀይ ከረባት፣ የድብ አሻንጉሊትና በሯ በጓጉንቸር የምትቆለፍ አረንጓዴ ሚኒ መኪና የገጸ ባሕርይው መለያዎች ናቸው። ይህን ሁሉ ዝና ያተረፈው ተከታታይ 15 ክፍሎች ብቻ አሉት። ከፊልሞቹ «ቢን» (1997) እና ሦስቱ የ«ጆኒ ኢንግሊሽ» የስለላ ኮሜዲዎች (2003፣ 2011፣ 2018) ይጠቀሳሉ።