ከመወርወሪያ እስከ ስማርት ቍልፍ
በታሪክ ክበብ አባሎች የቀረበ

በደብረ ማርቆስ ከተማ ከቤቱ የሚወጣ ሰው በሩን ከዘጋ በኋላ ቍልፉን ወዴት እንደሚያደርገው ያልታዘበ ተማሪ የሚገኝ አይመስለንም። አንዱ በኪሱ ይከተዋል፤ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች፤ ሌላው ከደጃፉ ድንጋይ ሥር ይሸሽገዋል፤ አብዛኛው ሰው ግን «አደራ» ብሎ ለጐረቤት ሰጥቶ ይሄዳል። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፥ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ እኛ በየቀኑ እየዳሰስነው ስለምናልፈው ስለ በርና ስለ ቍልፍ ለመጻፍ ወሰንን። ይህንንም ያደረግነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከክበባችን አባሎች በአንዲቱ ቤት የደረሰ ነገር አለ፤ እርሱንም ቦታው ሲደርስ እንነግራችኋለን።

አባቶቻችን በሠሩት የሣር ክዳን ቤት በር ማለት ደፉ፥ መቃኑ፥ ጉበኑና መዝጊያው ነው። ማታ ማታ ከመዝጊያው በስተኋላ መወርወሪያው ይወረወራል፤ ይኸውም መዝጊያውን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ አግዳሚ እንጨት ነው። ልብ ብለን ስናየው መወርወሪያ የሚያገለግለው ሰው ከውስጥ ሳለ ብቻ ነው። ባለቤቱ ወደ ገበያ ወይም ወደ እርሻ ሲሄድ ቤቱን የሚጠብቁለት አጥሩ፥ ውሻውና ጐረቤቱ ነበሩ። እህል በጎታና በጐተራ ብቻ ሳይሆን በጉድጓድም ተቀብሮ ይቀመጥ ነበረ። የጉድጓዱ አፍ በአፈር ከተደፈነ በኋላ ስፍራውን ለይቶ የሚያውቅ ባለቤቱ ስለ ሆነ፥ ይህ ዕውቀት ራሱ ቍልፍ ነበረ ለማለት ይቻላል። ዛሬ የምሥጢር ቍጥር የምንለውም ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም።

ንብረት ከተሰረቀ በኋላ ደግሞ ሌባውን የሚፈልገው ሕዝቡ ነበረ። አውጫጭ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዐት የአካባቢው ሰው በአንድነት ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲናገር ይደረግ ነበረ፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅም ድረስ ሰው ሥራውን ፈትቶ ይውላል። ሌባ ሻይ የሚባልም ነበረ። በዚህኛው አንድ ልጅ መድኀኒት ተሰጥቶት ራሱን ስቶ ይመራል፤ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ልጁ ወደ ቤታችን ቢገባ ምን እንል ነበረ? ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚህ እንደ ተጐዳ ስናስበው ያሳዝነናል። ቍልፍ የስስታም ሰው ዕቃ ነው እያሉ የሚያሾፉ አሉ፤ እኛ ግን ሰውን ከመጠርጠር በርን መቈለፍ ይሻላል ባዮች ነን።

ከተማችን በ1845 ዓ.ም. በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ስትቈረቈር ስሟ መንቆረር ነበረ። ደብረ ማርቆስ የተባለችው በ1873 ዓ.ም. የጐጃም ንጉሥ ሆነው ዘውድ የጫኑት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን በታላላቆች ደጅ የበሩ ኀይል በብረቱ ሳይሆን በሰው ነበረ። አጋፋሪው እንግዳውን ያስተናግዳል፤ እልፍኝ አስከልካዩ ደግሞ፥ ስሙ እንደሚናገረው፥ ወደ እልፍኝ የሚገባውንና የማይገባውን በፊቱ ይለያል። በቤተ ክርስቲያንም ንዋየ ቅድሳቱን በኀላፊነት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ ናቸው። በግእዝ መርኆ የምትባለው ቍልፍ እንግዲህ የሹመት ምልክት ጭምር ነበረች። በአሁኑ ዘመን የሰውን ፊት አይቶ የሚከፍት ቍልፍ ተሠራ ሲባል ሰምተን እልፍኝ አስከልካዩን አስታወስን፤ ልዩነቱ አዲሱ መሣሪያ ጉርሻ አለመቀበሉ ይመስለናል።

ወደ ውጭው ዓለም ታሪክ ስንሻገር ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እናስቀምጣለን። በጥንታዊት ግብጽና በአሦር አገር የእንጨት ቍልፍ ይሠራ ነበረ። በመቀርቀሪያው ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ትናንሽ ችካሎች አሉ፤ ችካሎቹ በቀዳዳቸው ሲገቡ መቀርቀሪያው አይንቀሳቀስም። መክፈቻው የጥርስ ቡሩሽ የሚመስል እንጨት ሲሆን፥ ከሥር ገብቶ ችካሎቹን በአንድ ጊዜ ሲያነሣቸው መቀርቀሪያው ይለቃል። አሜሪካዊው ላይነስ ዬል በ1848፥ ልጁም ላይነስ ዬል በ1861 ይህንኑ የጥንት አሳብ ወስደው ችካሎቹን በትናንሽ የብረት ካስማዎችና በሞላ ለወጧቸው፤ የቍልፉም ጥርስ በልክ ተቈረጠ። እያንዳንዱ ካስማ በትክክል ካልተነሣ ሲሊንደሩ አይዞርም። ዛሬ በከተማችን በየበሩ ያለው ባለ ሲሊንደር ቍልፍና በየሱቁ የሚሸጠው ጋን ቍልፍ በአብዛኛው የዚህ ዘር ነው።

«አይከፈትም» የሚባል ቍልፍ ግን በዓለም አልተገኘም። ጆሴፍ ብራማ የተባለ እንግሊዛዊ በ1784 የፈጠራ መብት ያገኘበት ቍልፍ እንዲህ ያለ ስም አውጥቶ ነበረ። በለንደን በሱቁ መስኮት ተሰቅሎ ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ ሽልማት እንደሚሰጥ ተጽፎበት ለብዙ ዘመን ኖረ። በ1851 በታላቁ ኤግዚቢሽን ጊዜ አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ የቍልፍ ባለሙያ መጥቶ በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ሠርቶ ከፈተው። እኛ ይህን ስናነብ ያስደነቀን የሆብስ ብልሃት ብቻ አይደለም። ማንም ሌባ በሰው ደጅ ቆሞ 51 ሰዓት ሊታገል አይችልምና፥ ብራማ ተሸንፎም ቢሆን ቍልፉ ጥሩ ቍልፍ ነበረ።

አሁን ወደ እኛው ነገር እንመለስ። ከጐዛምን፥ ከስናንና ከአነደድ ገጠር መጥተው በከተማው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ጓደኞች አሉን። ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት ተሸክመው ያመጣሉ፤ ሦስት አራት ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ። ቍልፉ ግን አንድ ወይም ሁለት ነው። ቀድሞ ከትምህርት የተለቀቀው ቍልፍ የያዘውን ጓደኛውን ደጅ ላይ ሲጠብቅ ይመሻል። ባለፈው ዓመት በዚያ ቤት የነበረው ተከራይ ቍልፉን አስቀርጾ እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። የስንቅ ከረጢት፥ ደብተርና ብርድ ልብስ ጠፍቶ ጓደኛሞች እርስ በርሳቸው የተጠራጠሩበትን ጊዜ አይተናል፤ ከጠፋው ዕቃ ይልቅ ያ ጥርጣሬ ብዙ ቈየ። አንድ ጋን ቍልፍ ለአራት ሰው ሲሆን የሚመጣው ጣጣ ይህ ነው፤ በቍጥር የሚከፈት ቍልፍ ቢኖር ግን ለእያንዳንዱ የራሱን ቍጥር ሰጥቶ ሲለቅ መሰረዝ በቻለ ነበረ።

እንዲህ ያለ ቍልፍ በዓለም ላይ ቀስ በቀስ መጣ። ቶር ሶርነስ የተባለ ኖርዌያዊ በ1970ዎቹ ዓመታት ለሆቴል በር ቀዳዳ ባለው ካርድ የሚከፈት ቍልፍ ፈጠረ፤ እንግዳ በተለወጠ ቍጥር የካርዱም ቀዳዳ ይለወጣል። ቈይቶ ደግሞ በእጅ ስልክ የሚታዘዙ የቤት ቍልፎች ለገበያ መቅረብ ጀመሩ። እነዚህን ስማርት ቍልፍ ይሏቸዋል። «ብልህ ቍልፍ» ብለን ልንተረጕመው አስበን ነበረ፤ ነገር ግን ብልህነቱን ገና ስላላረጋገጥን ተውነው። በውስጡ ትንሽ ሞተር አለ፤ ሞተሩ መቀርቀሪያውን ይገፋል ይስባልም። ብዙዎቹ በ4 ትናንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። ትእዛዙ በጣት አሻራ፥ በቍጥር፥ በካርድ ወይም ብሉቱዝ በሚባለው የአጭር ርቀት ሬዲዮ ከስልክ ይደርሰዋል፤ አንዳንዱም በኢንተርኔት ከባሕር ማዶ ይታዘዛል።

የጓደኛችን ታላቅ እኅት በአሜሪካ ትኖራለች። እናቷ ብቻቸውን እየገቡ እየወጡ ስለሚያሳስቧት በ2015 ዓ.ም. አንድ ስማርት ቍልፍ ላከችላቸው። አሠሪው ቤት የማን እንደ ሆነ አንናገርም። ቍልፉ በጣት አሻራና በስልክ የሚከፈት ሲሆን ቍጥር መምቻ አልነበረውም። እናቲቱ እንጀራ ጋጋሪ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሊጥና እሳት የነካው ጣታቸው መሥመሩ ጠፍቷልና ቍልፉ አንድ ቀን ቢያውቃቸው ሁለት ቀን አያውቃቸውም። እንደዚያ ሲሆን ለልጃቸው ይደውላሉ፤ ልጂቱም ከአሜሪካ ሆና ትከፍትላቸዋለች። ሠፈሩ ሁሉ ይህን እያየ ተደነቀ፤ እኛም ሄደን አይተናል።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። እናቲቱ በፍልሰታ ጾም ከቅዳሴ በዝናም ሲመለሱ ጣታቸውን ቢያስጠጉ ቍልፉ እንቢ አለ። ስልክም ከባሕር ማዶ ሊያዝዘው አልቻለም። በሳጥኑ የመጣው የብረት መክፈቻ የት አለ ቢባል፥ ለክፉ ቀን ተብሎ በጥንቃቄ በቤት ውስጥ በኮመዲኖ ተቀምጧል። ክፉው ቀን ከውጭ መጣ! ከሰዓታት ጥበቃ በኋላ የጐረቤት ልጅ የጓዳውን መስኮት መስተዋት አውልቆ አንድ የ9 ዓመት ሕፃን አሾለከ፤ ሕፃኑም ወዲያው በሩን ከውስጥ ከፈተ። ያን ያህል ዋጋ የወጣበትን በር የዘጠኝ ዓመት ልጅ በጓዳ በኩል እንዳሸነፈው ያየ ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቲቱ ግን ልብሳቸው ረጥቦ ስለ ነበረ አልሳቁም።

ከዚህ በኋላ ነው በክበባችን ስለዚህ ዕቃ አጥብቀን መጠየቅ የጀመርነው። በመጀመሪያ የምንለው፥ ስማርት ቍልፍ የሚገዛ ሰው ያለ ኢንተርኔት የሚከፈተውን ይምረጥ። ቍጥር መምቻ ያለውና የብረት መክፈቻም የሚቀበል ቢሆን ይሻላል፤ መክፈቻውም ከቤቱ ውጭ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ። ባትሪ ድንጋዩ ሲያልቅ ከውጭ የ9 ቮልት ባትሪ ወይም የስልክ ኀይል መሙያ አስጠግቶ ለጊዜው ማንቃት የሚቻልበት ዐይነት አለ፤ ሻጩን ይህን መጠየቅ አያሳፍርም።

ሁለተኛው በሩ ራሱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ይመስለናል። ለአሜሪካ በር የተሠራ ቍልፍ ብዙውን ጊዜ ወርዱ 54 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳና ከ35 እስከ 45 ሚሊሜትር የሚወፍር መዝጊያ ይፈልጋል። የእኛ አገር የላሜራ በር ግን አብዛኛው በውስጡ የተቀበረ ባለ ሲሊንደር ቍልፍ ያለው ስለ ሆነ፥ ለክቶ ሳይላክ የመጣ ዕቃ በሣጥኑ ሊቀር ይችላል። የእንጨት በርም በክረምት ርጥበት ይነፋል። በሩን በትከሻችን ገፍተን የምንዘጋው ከሆነ ትንሹ ሞተር መቀርቀሪያውን መግፋት ያቅተዋል፤ ባትሪውንም ይጨርሳል። ስለዚህ አስቀድሞ አናጺ ጠርቶ በሩን ማስላግ ይገባል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ምሶ የሚገባ ሌባ እንዳለም አባቶቻችን ያውቁ ነበረ፤ መስኮቱና ግድግዳው ደካማ ሳለ ገንዘብን ሁሉ በበሩ ላይ ማፍሰስ ትርፉ እምብዛም ነው።

ስለ ምሥጢር ቍጥር በሒሳብ ትምህርት የተማርነው እዚህ ጠቀመን። አራት አኀዝ ያለው ቍጥር 10,000 ዐይነት ይሆናል፤ ስድስት ከሆነ 1,000,000 ይደርሳል። ነገር ግን የአራቱ ቍጥሮች መምቻ በመነካካት ብዛት ከደበዘዘ፥ ሌባው የሚሞክረው 24 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቍጥሩን በየጊዜው መለወጥ ያስፈልጋል። ደጋግሞ ለሳተ ሰው ለጥቂት ደቂቃ የሚዘጋ ቍልፍም ይመረጣል።

ዘመናዊ ስለ ሆነ ብቻ አይደፈርም ማለትም አይደለም። በ2016 በላስ ቬጋስ በተደረገ የኮምፒዩተር ደኅንነት ጉባኤ ሁለት ተመራማሪዎች 16 የብሉቱዝ ቍልፎች ሞክረው 12ቱን እንደ ከፈቱ አሳይተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የምሥጢር ቃሉን ሳይሸፍኑ በአየር ላይ ይልኩ ነበረ። በ2017 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በኢንተርኔት የተሳሳተ ማሻሻያ ልኮ ወደ 500 የሚጠጉ ቍልፎች በአንድ ጊዜ ሥራ አቆሙ። የጐረቤታችን ጋን ቍልፍ ቢዝግ የእኛ አብሮ አይዝግም፤ እነዚህ ግን በአንድ ቀን አብረው ይታመማሉ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ስማርት ቍልፍ ማን በስንት ሰዓት እንደ ከፈተ እየመዘገበ ያኖራል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን የራሱን ዜና መዋዕል የሚጽፍ በር ማየታችን መጀመሪያ ደስ አሰኝቶን ነበረ። ነገር ግን ያንን መዝገብ የሚያነበው ማነው? አከራይ የተከራዮቹን መግቢያና መውጫ እያነበበ ቢውል ተገቢ ነውን? ክርክሩ በክበባችን ሁለት ስብሰባ ወስዶ አላለቀም።

እናቲቱ ይህን መዝገብ ያወቁት ከእኛ ጥያቄ ነው። ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ «እንግዲያ ከማኅበር ሳመሽ ልጄ ታየኝ ኖሯል?» አሉ። ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ጓደኛችን ይህን ለእኅቷ ነገረቻት። ቍልፉ ዛሬም በበሩ ላይ አለ፤ የጓዳው መስኮት የብረት ፍርግርግ ገብቶለታል፤ የብረት መክፈቻውም በአጥር ማዶ ካሉት ጐረቤት ዘንድ በአደራ ተቀምጧል። ልጂቱ መዝገቡን ማየት ትታ፥ ማታ ማታ እየደወለች «እማዬ፥ ገባሽ?» ብላ ትጠይቃለች።