የትምህርት ግብርና የወረዳው ትምህርት ቤት

ትምህርት ቤት ለማቆም ድንጋይና እንጨት ብቻ አይበቃም፤ ወጪውን ማን ይችላል፣ ሥራውንስ ማን ያዝበታል የሚሉት ጥያቄዎች አስቀድመው መልስ ይሻሉ። በ1940 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ፤ ገቢውም ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተወሰነ።

ይሁን እንጂ መምህር መመደብና ሥርዓተ ትምህርት ማውጣት በአዲስ አበባው ሚኒስቴር እጅ ቀረ። ትምህርት ቤቶቹም በከተሞች በዙ። ግብር ከፋዩ ባላገር ግን ልጁ ፊደል የሚቆጥርበትን ቤት በቅርቡ ሳያገኝ ኖረ። የአራት ዓመት ትምህርት ለብዙኃኑ እንዲዳረስ ያሰበው የትምህርት ዘርፍ ጥናትም፣ የድኻውን ልጅ ከዚያ በላይ እንዳይማር ያግዳል ተብሎ ስለ ተጠረጠረ፣ በ1966ቱ ተቃውሞ ከሥራ ሳይውል ቀረ።

በደርግ ዘመን ወላጆች የሚወከሉበት የትምህርት ቤት ኮሚቴ ተቋቋመ። የ1986ቱ ፖሊሲ ሥልጣንን ወደ ክልሎችና ወደ ወረዳዎች አወረደ፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ወረዳዎች ጥቅል በጀት ይመደብላቸው ጀመር። መምህራንን የሚያስተዳድረውም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሆነ።

ነገር ግን የበጀቱ አብዛኛው ክፍል ለመምህራን ደመወዝ ይውላል። ክፍል መጨመርና ጣራ መጠገን ሲያስፈልግ ድንጋዩን የሚያቀርበው፣ ገንዘብና ጉልበት የሚያዋጣው ያው ባላገር ነው። ሥልጣን ወደ ወረዳው መውረዱ መልካም ነው፤ ፍሬ የሚያፈራው ግን የማሠሪያውና የማደሻው ገንዘብ አብሮ ሲወርድ ነው።