መጨረሻ የምትበላዋ

እስቲ ዛሬ ኳሱንም ፖለቲካውንም ለጊዜው እንተወውና ስለ ምሳ እናውራ። ስለ ተራው ምሳ አይደለም፣ ስለ እሁድ ምሳ።

እኛ ያደግነው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ግቢ ለአምስት አባወራ በሚበቃበት የቀበሌ ቤት ነው። የየትኛው ቤት ሽሮ እንደሚንተከተክ፣ የማን ሽንኩርት እንዳረረ፣ ማን ቅቤ እያነጠረ እንደሆነ አፍንጫችን ሳይሳሳት ይለይ ነበር። እኛ ቤት የእሁድ ምሳ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የመጨረሻዋ ልጅ ጆግና ሳፋ ይዛ ታስታጥባለች። አባታችን ይባርካል። ዶሮ የተሠራ ቀን ከ12ቱ ብልት ፈረሰኛው ወደ አባታችን ፊት ይሄዳል፤ እንግዳ ካለ ደህና ደህናው ለእንግዳው፤ ለእኛ ለልጆቹ ክንፍና አንዳንድ እንቁላል። አባታችን ሲያጎርሰን ደግሞ «አንድ ያጣላል» ይልና ይደግመናል።

እናታችንስ? እናታችን ቆማለች። እንጀራ ትጨምራለች፣ ወጥ ታወጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች። «ነይ እንጂ፣ ብዪ» ስትባል መልሷ ሁሌም አንድ ነው፦ «እናንተ ብሉ፣ እኔ ስሠራ ቀምሻለሁ»። እኛ ታጥበን ስንነሳ እሷ ማድ ቤት ትገባና በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ድስቱን በእንጀራ እየጠረገች ትበላለች።

ይህን ሥርዓት እናታችን አልፈጠረችውም። አያታችን ስትመጣማ ጭራሽ እኛን «ስድ» ትለን ነበር። በእሷ ልጅነት ልጅ ከአዋቂ ጋር ማዕድ አይቀርብም። ኩራዝ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ አዋቂዎቹ በልተው ሲጠግቡ የተረፈው ይሰጠዋል። እኛ ከአባታችን ጋር እኩል እጃችንን መሶብ ውስጥ መክተታችን ለእሷ የዘመን ማብቂያ ምልክት ነበር።

ነገሩን ወደ ላይ እየተከተልን ብንሄድ ቤተ መንግሥት እንደርሳለን። የዐፄ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ዛሬ ቆሟል፤ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ አንድነት ፓርክን የሚጎበኝ ሰው ሊያየው ይችላል። በዚያ አዳራሽ በግብር ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው ይበላ ነበር፤ ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ አይበላም። መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱና ታላላቆቹ በመጋረጃ ተከልለው ይመገባሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና መኳንንቱ በየማዕረጋቸው፣ በመጨረሻም ወታደሩ በተራ በተራ እየገባ ጥሬ ሥጋውን ይቆርጣል፣ ጠጁን ይጠጣል። ማን ከማን በፊት እንደገባ፣ ማን ከዙፋኑ ምን ያህል ርቆ እንደተቀመጠ ማየት የሀገሩን የሥልጣን መዋቅር ማንበብ ማለት ነበር።

መጋረጃዋን ልብ በሉልን። በድሮው ዘመን ትልቅ ሰው ሲበላና ሲጠጣ በጨርቅ ይጋረዳል። አንድም ለክብር ነው፣ አንድም የሰው ዓይን ይፈራል። መብላት እንግዲህ በዘመድና በወዳጅ መካከል፣ ተከልሎ የሚደረግ ነገር ነበር። ለእንግዳ ምግብ መሸጥማ የማይታሰብ ነው። ከሩቅ ሀገር ለመጣ እንግዳ ንጉሡ ድርጎ ያዛሉ፤ እንጀራው፣ በጉ፣ ጠጁ እሰፈረበት ይሄድለታል። የሚበላው በደግነት ነው፣ ወይም በትእዛዝ ነው፤ በገንዘብ ግን አይደለም።

ታዲያ በ1888 ዓ.ም ከዐድዋ ድል በኋላ ነገሩ ተቀየረ። የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖቻቸውን ከፈቱ፣ ነጋዴው በዛ፣ መሐንዲሱ መጣ። ለዚህ ሁሉ እንግዳ ድርጎ ሲሰፈር አይኖርም። በ1890ዎቹ ማብቂያ ላይ እቴጌ ጣይቱ ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ፒያሳ ላይ ከፈቱ። የአዲስ አበባ ሰው ግን «ቤት እያለኝ፣ ሚስት እያለችኝ፣ ማያውቀኝ ሰው ፊት በገንዘቤ ልብላ?» ያለ ይመስላል። ሲነገር እንደኖረው፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ሂሳቡን ከፍለው ነው ሰዉን ያለማመዱት። ለእኛ የሚገርመን ሌላው ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ሆቴል ከፋች ሴት ናት። ለዘመናት በየማድ ቤቱ በነጻ ሲሠራ የኖረ ሥራ ዋጋ የወጣለት በአንዲት ሴት ስም በተጠራ ቤት ነው።

ከዚያ በ1909 ዓ.ም ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ደግሞ ጣሊያን በወረራ መጣ። ጣሊያን ሲሸነፍ ፓስታው አልተሸነፈም። ማኪያቶው፣ ፉርኖው፣ ኬኩ እዚሁ ቀረ፤ ፓስታም በበርበሬ ወጥ፣ በእንጀራ ሳይቀር ተበላ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣውም የየራሱን ይዞ መጣና ከተማዋ ክትፎ ቤቱንም ጠጅ ቤቱንም ምግብ ቤቱንም ለመደች። ረዳት ያልነበራት ስንቷ ሴት ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ ሸጣ ልጆቿን አስተምራለች።

ወደ ራሳችን እንመለስ። መስከረም 2000 ዓ.ም፣ ሚሊኒየሙ። ከተማው መብራት በመብራት ሆኗል። እኛ ገና አንደኛ ክፍል መግባታችን ነው። አባታችን ዕቁብ ደረሰውና አንድ እሁድ «ልበሱ፣ ውጭ ነው የምንበላው» አለን። ፒያሳ አንድ ምግብ ቤት ገባን። እናታችን ጥግ ያለውን ጠረጴዛ መረጠች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። ያኔ አልገባንም ነበር። አሁን ስናስበው ያቺ ነጠላ የመጋረጃዋ የልጅ ልጅ ነበረች።

አስተናጋጁ ሳህኖቹን ይዞ ሲመጣ እናታችን ብድግ ብላ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። ልጁ ሳቅ አለና «እትዬ፣ ይቀመጡ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው» አላት። ተቀመጠች። እኛ ፓስታ በሥጋ፣ ከዚያም በመስታወት ብርጭቆ ሦስት ቀለም የተደራረበበት ስፕሪስ። እሷ ጥብስ፣ ከነሸክላው እየተንጫጫ። እናታችን ትኩስ ምግብ ከእኛ ጋር እኩል ስትበላ ስናይ ያ የመጀመሪያችን ነው። እንደራባት ሰው በላች። ማንም «ጨምሪ»፣ «ውሃ አምጪ» አላላትም። ስፕሪሱንም ጥብሱንም ብንረሳ ያንን አንረሳውም።

ሁለተኛ ጊዜ ግን ቶሎ አልመጣም። ያው ዓመት ሳይገባደድ ኑሮ ተሰቀለ። ሐምሌ 2000 ዓ.ም ላይ የሀገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከ60 በመቶ አልፎ ነበር፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ የምግቡ ነው። ቀበሌ ስንዴ ማደል ጀመረ፣ ወረፋው ረዘመ። ጤፉ ከሩዝና ከበቆሎ ጋር እየተቀላቀለ ተጋገረ፤ እንጀራችን ማታ ላይ ይሰነጣጠቃል። አባታችን ዕቁቡን አቋረጠ። የእሁዱ ሥርዓት ግን አልተጓደለም። ጆጉ አለ፣ ሳፋው አለ፣ ምርቃቱ አለ። «እኔ ስሠራ ቀምሻለሁ»ም አለች።

ከዚያ አንድ እሁድ ከመካከላችን አንዷ ውሃ ፍለጋ ማድ ቤት ገባች። ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል። እናታችን በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ የትናንት ዳቦ ቅርፊት በባዶ ሻይ እየነከረች ነበር። ተያዩ። እናታችን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሽሮው መጀመሪያውኑ ለአራት ሰው ነበር የተሠራው፤ እኛ ደግሞ አምስት ነን። ይህን ለአባታችን እስከ ዛሬ አልነገርንም። ይህን ካነበበ ያው ዛሬ ሰማ።

ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን» ብላችሁ ጠይቁ ተብለናል። መልካም ትምህርት ነው። የታሪክ መጻሕፍቶቻችንም ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ በግብሩ ማን ፊት ተቀመጠ፣ ማን ስንት ሰንጋ ጣለ፣ መቼ ታረደ። ያንን ሁሉ እህል የፈጩት፣ ያንን ሁሉ እንጀራ የጋገሩት የእንጀራ ቤትና የወጥ ቤት ሴቶች ስንት ሰዓት ላይ በሉ የሚለውን ግን ብዙም አንጠይቅም። ሚዛኑ የሚታየው እዚያ ላይ ይመስለናል። የአንድን ቤት፣ ኧረ የአንድን ሀገርም ፍትሕ ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የጎረሰውን ሳይሆን መጨረሻ የቀረበችውን ይጠይቅ።

«ባህል ልታጠፉ ነው እንዴ?» የሚለን እንዳለ ይገባናል። አይደለም። ጉርሻውንም ምርቃቱንም እንወዳቸዋለን፤ ከአንድ ትሪ መብላትን የሚያህል ነገርም አላየንም። እቴጌዋ ሆቴል ሲከፍቱም «ባህል ጠፋ» ያለ ሰው አይጠፋም ነበር። ባህሉ ግን አልጠፋም፣ ሰፋ እንጂ። ሆቴል የማያውቃችሁን ሰው አጠገባችሁ አስቀምጦ እኩል ካስበላ፣ መሶብ የወለደችንን ማስቀመጥ እንዴት ያቅተዋል?

ባለፈው ፋሲካ ሞክረነው ነበር። እኛው ሠራን፣ እኛው አቀረብን፣ እናታችንን መጀመሪያ አስታጠብናት። ፈረሰኛውንም አባታችን ራሱ አንስቶ ፊቷ አኖረው። ሁለቴ ጎረሰችና ብድግ አለች።

«ምነው እማዬ?»

«ወጡ እንዳያርብኝ» አለች።

እሳት ላይ ምንም አልነበረም። እጇን ይዘን መልሰን አስቀመጥናት። ለሚቀጥለው በዓልም እንቀጥላለን፤ ልማድ በአንድ ፋሲካ አይለቅም።

እስከዚያው እናንተ ቤት መጨረሻ የሚበላው ማነው? ዛሬ ማታ እራት ላይ እዩና ንገሩን።