የብርሃን ጥብጣብ፦ የ«ስፔክትራል ባንድ» አማርኛና ፍቺው

«ስፔክትራል ባንድ» የሚለው ስም በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ፣ በአየር ንብረት ጥናት፣ በሳተላይት ምስልና በሥነ ፈለክ እኩል ይነገራል። አማርኛው ግን ገና አልረጋም። አንዱ ፊደሉን ብቻ ቀይሮ «ባንድ» ይለዋል፤ ሌላው «ቀለም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «መስመር» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ የማቀርበው ስም «የብርሃን ጥብጣብ» ነው። ፍቺውም እንዲህ ነው፦ ከጠቅላላው የብርሃን ዝርግ ውስጥ በሁለት የሞገድ ርዝመቶች መካከል ተከልሎ የሚገኝ፣ አንድ ነገር በተለየ መጠን የሚመጠው፣ የሚያንጸባርቀው ወይም የሚለቀው ክፍል። ጥብጣብ ወርድ አለው፤ ግራና ቀኙም ጠርዝ ነው። ክርክሬ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ወርድና ጠርዝ ያለውን ነገር ቀለም ወይም መስመር ብለን ከጠራነው፣ ከሞለኪውል እስከ ሩቅ ፕላኔት ድረስ የሚሠራበት ምክንያት ከእጃችን ያመልጣል፤ ብዙ ጊዜ ትልቁን ነገር የሚነግረን ጠርዙ ነውና።

መጀመሪያ ስለ ዝርጉ እንናገር። ነጭ ብርሃን በፕሪዝም ውስጥ ሲያልፍ ከሐምራዊ እስከ ቀይ ይዘረጋል፤ ከዝናብ በኋላ ሰማይ ላይ ሲዘረጋ ደግሞ ቀስተ ደመና፣ ወይም የማርያም መቀነት እንለዋለን። ይህን ስፔክትረም የሚባለውን ዝርግ «ኅብረ ብርሃን» ማለት ይሻላል። «ኅብረ ቀለም» ማለት ያሳስታል፤ የሰው ዓይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ክፍል ብቻ ነውና (አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው)። እ.ኤ.አ. በ1800 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዊልያም ኸርሸል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ዘርግቶ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ፣ ከቀዩ ማዶ፣ ምንም በማይታይበት ስፍራ፣ ሙቀቱ ከፍ ብሎ አገኘው። ያ ክፍል ዛሬ ኢንፍራሬድ ወይም ታሕተ ቀይ የምንለው ነው። ከሐምራዊው ማዶም እንዲሁ አልትራቫዮሌት አለ። ከታሕተ ቀይ እልፍ ሲል ማይክሮዌቭና የሬዲዮ ሞገድ ይከተላሉ። ታዲያ አብዛኛው ኅብረ ብርሃን ቀለም የለውም፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ጥብጣቦችም አብዛኞቹ ዓይን የማያያቸው ናቸው። ስለዚህ «ቀለም» የሚለው አማራጭ ከወዲሁ ይወድቃል።

«መስመር» የሚለው ግን እንዲህ በቀላሉ አይወድቅም፤ እውነት አለበትና። በ1814 ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የፀሐይን ኅብረ ብርሃን በጥንቃቄ ሲመረምር በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አገኘ። ጉስታቭ ኪርሆፍና ሮበርት ቡንሰን በ1859 እና በ1860 እነዚህ መስመሮች የየንጥረ ነገሩ መለያ መሆናቸውን አሳዩ። ብቻውን ያለ አቶም የሚሰጠው በእርግጥ መስመር ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ከአንድ የኃይል ደረጃ ወደ ሌላው ሲዘሉ የሚመጠው ወይም የሚለቀው ብርሃን በጣም የጠበበ ስለሆነ። አቶሞች ተያይዘው ሞለኪውል ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሞለኪውል ይርገበገባል፤ እየተርገበገበም ይሽከረከራል። የክራር ጅማት ድምፁ በውፍረቱና በውጥረቱ እንደሚወሰን፣ የሞለኪውልም ርግብግቢት በአቶሞቹ ክብደትና በትስስራቸው ጥንካሬ ይወሰናል። ለምሳሌ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጎብጥና ሲቃና 15 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን ታሕተ ቀይ ብርሃን ይመጥጣል፤ ትስስሮቹ በተቃራኒ ሲሳሳቡ ደግሞ 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን። ሽክርክሪቱ በእያንዳንዱ ርግብግቢት ላይ ጥቃቅን ደረጃዎችን ስለሚጨምር፣ አንድ መስመር የነበረው በብዙ የተቀራረቡ መስመሮች ይተካል፤ እነርሱም ተደራርበው ወርድ ያለው ነገር ይሆናሉ። ጥብጣብ ማለት ይህ ነው፦ ከብዙ መስመሮች የተሠራ፣ መካከሉ የጠነከረ፣ ወደ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ። መስመርና ጥብጣብ በአማርኛ ሁለት ስም ሊኖራቸው የሚገባውም ለዚህ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች ሁሉ በጣም የሚያሳምነኝ ከአየር ንብረት ጥናት የሚመጣው ነው። በ1856 ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት የመስታወት ዕቃ በፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ተራ አየር ከያዘው ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳየች። ከ1859 ጀምሮ ጆን ቲንዳል የትኞቹ ጋዞች የሙቀት ጨረርን እንደሚመጥጡ ለካ፤ የአየራችን ዋና ክፍል የሆኑት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ምንም ያህል አይመጥጡም፤ በመጠን ጥቂት የሆኑት የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ይመጥጣሉ። ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። ከሁለት ተመሳሳይ አቶሞች የተሠራ ሞለኪውል ሲርገበገብ የኤሌክትሪክ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አያጋድልም፤ ስለዚህ ታሕተ ቀይ ብርሃን የሚይዘው እጀታ የለውም። ከዚያ በ1900 ስዊድናዊው ክኑት ኦንግስትሮም ከባድ ተቃውሞ አነሣ። በአየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በየጥብጣቡ የሚያልፈውን ጨረር አስቀድሞ ከሞላ ጎደል ስለመጠጠ፣ ጋዙ ቢጨመርም የሚለወጥ ነገር የለም አለ። ተቃውሞው ለብዙ ዓመታት ሰዎችን አሳምኗል፤ ዛሬም በየክርክሩ ይነሣል። ጥብጣቡ ወርድ የሌለው መስመር ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ጥሩ ጉልበት ባገኘ ነበር። ነገር ግን ጠርዝ አለው። መካከሉ ቢሞላም ጠርዞቹ ገና አልሞሉም፤ ጋዙ በጨመረ ቁጥር ጨረር የሚታገድበት ወርድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሰፋል። በዚያ ላይ፣ መካከሉ በሞላበት ክፍል ወደ ጠፈር የሚያመልጠው ጨረር የሚነሣው ከላይኛውና ከቀዝቃዛው አየር ነው፤ ጋዙ ሲጨምር ይህ መነሻ ከፍ ስለሚልና ስለሚቀዘቅዝ ምድር የምትለቀው ሙቀት ይቀንሳል። ከምድር የሚወጣውን ጨረር የሚለኩ ሳተላይቶች 15 ማይክሮሜትር አካባቢ ጥልቅ ጎድጓዳ ያያሉ፤ ከ8 እስከ 12 ማይክሮሜትር ባለው ክፍል ግን፣ ኦዞን 9.6 ላይ ከሚያሳርፈው ምልክት በቀር፣ ጨረሩ ብዙም ሳይነካ ያልፋል። ይህን ክፍት ክፍል ባለሙያዎች «መስኮት» ይሉታል። መስኮቱም ሆነ ጎድጓዳው የሚታዩት የጥብጣቦቹ ጠርዝ የት እንደሆነ ለሚያውቅ ነው።

ጋዝን ከሩቅ መለካትም በዚሁ ይሄዳል። የዶብሰን መሣሪያ የኦዞንን መጠን የሚያውቀው ሁለት የአልትራቫዮሌት ክፍሎችን አወዳድሮ ነው፤ አንዱን ኦዞን አጥብቆ ይመጠዋል፣ ሌላውን በጥቂቱ። በ1985 ጆ ፋርማንና ሁለት ባልደረቦቹ በአንታርክቲካ ላይ ኦዞን በየጸደዩ ክፉኛ እንደሚሳሳ ያስታወቁት በዚህ ዘዴ ነበር። በሰኔ 2011 በኤርትራ የናብሮ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳም፣ የተተፋው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በአልትራቫዮሌትና በታሕተ ቀይ ጥብጣቦቹ ተለይቶ ከሳተላይት ታይቷል። በ2017 የመጠቀው ሴንቲነል 5ፒ የተባለው ሳተላይት ደግሞ 2.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ሜቴን ይለካል።

ወደ መሬት ገጽታ ስንመጣ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይገጥመናል። የሞለኪውል ጥብጣብ የተፈጥሮ ነው፤ የሳተላይት «ባንድ» ግን ሰው በማጣሪያ የከለለው ነው፤ አንዱን ከሌላው ጋር በአንድ ስም መጥራት ተፈጥሮንና መሣሪያን ያደባልቃል ሊባል ይችላል። በልዩነቱ እስማማለሁ፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። መሣሪያው የሚከልለው በዘፈቀደ አይደለም። ላንድሳት 8 የተባለው ሳተላይት ዘጠነኛ ጥብጣብ ከ1.36 እስከ 1.38 ማይክሮሜትር ነው። እዚያ ቦታ የውሃ ተን ብርሃኑን አጥብቆ ስለሚመጠው፣ እርጥበት ባለበት ሰማይ ከመሬት የሚመለሰው ብርሃን በመንገድ ይቀራል፤ ከተኑ በላይ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው ስስ ደመና ግን ብቻውን ነጥቶ ይታያል። ንድፍ አውጪዎቹ ጥብጣቡን የቆረጡት የውሃ ሞለኪውል አስቀድሞ በቆረጠው ልክ ነው። የቅጠል ነገርም እንዲሁ ነው። ክሎሮፊል ሰማያዊና ቀይ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ከ700 ናኖሜትር ትንሽ አለፍ ሲል ግን የቅጠሉ ውስጣዊ አሠራር ብርሃኑን መልሶ ይበትነዋል፤ ስለዚህ በቀይና በታሕተ ቀይ መካከል ነጸብራቁ ድንገት ሽቅብ ይወጣል። ይህ «ቀይ ጠርዝ» ይባላል። ተክል ሲጎዳና ክሎሮፊሉ ሲቀንስ ጠርዙ ከቦታው ይንቀሳቀሳል። የአውሮፓው ሴንቲነል 2 ካሉት 13 ጥብጣቦች መካከል በ705፣ በ740 እና በ783 ናኖሜትር ላይ ያሉት የተቀመጡት ይህንኑ አካባቢ ለመከታተል ነው።

ይህ ዘዴ ለጣና ሐይቅ ምን እንደሚጠቅም ማየት ቀላል ነው። ንጹሕ ውሃ ለቀይ ቅርብ በሆነው ታሕተ ቀይ ውስጥ ያለውን ብርሃን ከሞላ ጎደል ሁሉ ስለሚመጥ በዚያ ጥብጣብ ሐይቁ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈው የእምቦጭ አረም ግን ደምቆ ይወጣል። የቀዩን ነጸብራቅ ከታሕተ ቀዩ ቀንሶ፣ ልዩነቱን ለድምራቸው ማካፈል የተለመደ ስሌት ነው፤ ውጤቱ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር የለመለመ ተክል አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ቸኩሎ መደምደም አደጋ አለው። ደንገልም ለምለም ነው፤ የሐይቅ ዳር ሣርም እንዲሁ። አንድ ጥብጣብ ብቻውን «ተክል» ይላል እንጂ «እምቦጭ» አይልም። ለመለየት ብዙ ጥብጣቦችን፣ የተለያየ ወቅት ምስሎችንና በጀልባ ሄዶ ማረጋገጥን ይጠይቃል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ያስመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ 1 ባለ ብዙ ጥብጣብ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ስለነበረች፣ ይህ ዕውቀት የሩቅ ሰው ጉዳይ አይደለም፤ በአማርኛም ሊሰጥ ይገባል።

ከጣናው ምሳሌ እንደሚታየው «ጥብጣብ ያታልላል» የሚል ተቃውሞም ሊነሣ ይችላል፤ ይህ ተቃውሞ በሥነ ፈለክ ታሪክ የበለጠ ክብደት አለው። በ1835 ኦጉስት ኮንት ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ ፈጽሞ አናውቅም ብሎ ነበር፤ ሰላሳ ዓመት ሳይሞላ ኅብረ ብርሃን መልሱን ሰጠ። ነገር ግን ስሕተትም አብሮ መጣ። በ1868 በፀሐይ ላይ የታየውን እንግዳ ቢጫ መስመር ኖርማን ሎክየር የአዲስ ንጥረ ነገር ነው ብሎ ሂሊየም አለው፤ ዊልያም ራምዚ በ1895 ምድር ላይ አገኘውና እውነት ሆነ። ዊልያም ሀጊንስ በ1864 በጠፈር ደመና ውስጥ ያየው አረንጓዴ ብርሃንም በተመሳሳይ አስተሳሰብ «ኔቡሊየም» ተባለ፤ ያ ግን እንግዳ ንጥረ ነገር ሳይሆን ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን መሆኑን አይራ ቦወን በ1927 አረጋገጠ። ኦክስጅኑ ያንን ብርሃን የሚሰጠው ምድር ላይ በማናገኘው ስስ ጋዝ ውስጥ በመሆኑ ነበር ያልታወቀው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳያቸው የምረዳው፣ ብርሃኑ በሁለቱም ጊዜ እውነተኛ ልኬት እንደነበረ ነው። የጎደለው የሚያመዛዝኑበት የቤተ ሙከራ ዕውቀት ነበር። ዛሬ ይህ ዕውቀት ስለ ዳበረ የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በ2022 ወደ 700 የብርሃን ዓመት በምትርቀው ደብልዩኤኤስፒ 39ቢ የተባለች ፕላኔት አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲያገኝ ጥርጣሬው ትንሽ ነበር፤ ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ የተጋረደው ብርሃን 4.3 ማይክሮሜትር አካባቢ ከፍ ብሎ፣ ወርዱና ቅርጹ ለጋዙ ከሚታወቀው ጋር ገጥሟልና። ከዚያው ጥብጣብ አጠገብ፣ 4 ማይክሮሜትር አካባቢ፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ ቀርታ ነበር። ባለሙያዎቹ አልናቋትም፤ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆና ተገኘች፤ የኮከቡ ብርሃን በፕላኔቷ አየር ውስጥ የኬሚካል ለውጥ እንደሚያመጣም በእርሷ ታወቀ።

«ባንድ» ማለት ምን ጎደለው ለሚለው፣ በንግግር ምንም አልጎደለውም፤ የሙያ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ይበቃቸዋል። ተማሪ ግን «ባንድ» ሲሰማ የሚመጣበት የሙዚቃ ቡድን ነው፤ ወርድና ጠርዝ አይመጣበትም። «ጥብጣብ» ይህን ያለ ማብራሪያ ይዞ ይመጣል፤ ለሚወለዱ ስሞችም ይመቻል። የሴንቲነል 2 ስምንተኛው «ጥብጣብ 8» ይባላል፤ የጥብጣቡ ወርድም 100 ናኖሜትር ያህል ነው ይባላል። አጠገቡ ያለው «ጥብጣብ 8ሀ» ወርዱ 20 ያህል ብቻ ስለሆነ ጠባብ ጥብጣብ ነው። ሞለኪውል የሚመጠው «የመምጠጥ ጥብጣብ»፣ የሚለቀው «የልቀት ጥብጣብ»፣ መሣሪያ የሚከልለው ደግሞ «የመሣሪያ ጥብጣብ» ሊባል ይችላል፤ የተፈጥሮንና የሰውን ልዩነት ለመጠበቅ ይህ ቅጽል በቂ ነው። የአንድ አቶም ቀጭን ምልክት ግን «መስመር» ሆኖ ይቆይ።